ትምህርት ቤቱ ሲዘጋ ቤቱ ምን ሆነ? የኮሮና ወረርሽኝ በምሥራቅ አፍሪካ ልጆችና ቤተሰቦች ላይ የጣለው ጫና

እ.አ.አ ጃንዋሪ 10 ቀን 2022 ማለዳ በመላው ኡጋንዳ ልጆች የደንብ ልብሳቸውን ለብሰው ወደ ትምህርት ቤት ወጡ። የትምህርት ቤቶቹ በር መጀመሪያ ከተዘጋ ሁለት ዓመት ሊሞላው ሁለት ወር ብቻ ቀርቶት ነበር። በልጅነት ዕድሜ ሁለት ዓመት ረጅም ነው፤ ልብስ ያጥራል፣ ጫማ ይጠብባል፣ የወንዱ ልጅ ድምፅ ይጎረንናል። መንግሥት ሁሉም ተማሪ በቅጡ ያልተማረውን ክፍል ትቶ ወደ ቀጣዩ እንዲዛወር ወስኖ ስለነበር፣ ማንበብ በወጉ ያልለመደው ልጅ ከፍ ባለ ክፍል ወንበር ላይ ተቀመጠ።

ያልተመለሱም ነበሩ። የሀገሪቱ ብሔራዊ የፕላን ባለሥልጣን ከዚያ ቀደም ብሎ በ2021 ባወጣው ግምት፣ ከ15 ሚሊዮን ያህል ተማሪዎች 30 በመቶው፣ ማለትም 4.5 ሚሊዮን የሚሆኑት፣ ወደ ትምህርት ገበታ ላይመለሱ እንደሚችሉ አስጠንቅቆ ነበር። አንዳንዶቹ ልጃገረዶች በዚያ ጊዜ ውስጥ እናት ሆነዋል። አንዳንዶቹ ወንዶች ደግሞ ጡብ መሥራት፣ ወርቅ መቆፈር ወይም በጎዳና ላይ መነገድ ጀምረው የዕለት ገንዘብ መቁጠር ለምደዋል። የተባበሩት መንግሥታት የትምህርት፣ የሳይንስና የባህል ድርጅት (ዩኔስኮ) እንደቆጠረው የኡጋንዳ ትምህርት ቤቶች ሙሉ በሙሉ ወይም በከፊል ተዘግተው የቆዩት ለ83 ሳምንታት ነው። በዓለም ላይ ይህን ያህል የዘገየ ሀገር አልነበረም።

ኮሮናቫይረስ እንደ በሽታ ለልጆች በአብዛኛው ምሕረት አድርጓል። የታመሙት ብዙዎቹ በቀላሉ አገግመዋል፤ ለሞት የተዳረጉት ከአዋቂዎች ጋር ሲነጻጸሩ እጅግ ጥቂት ናቸው። ልጆችን በእጅጉ የነካቸው በሽታውን ለመግታት የተወሰደው እርምጃ፣ እርሱም በወላጆቻቸው ኑሮ ላይ ያስከተለው ድቀት ነው። ይህ ጉዳት እንደ ሟቾች ቁጥር በየማታው በቴሌቪዥን አልተነገረም። በየቤቱ ውስጥ ስለደረሰ የሚታየውም ከዓመታት በኋላ ነው።

ሁለት ሳምንት የተባለው ሰባት ወር ሆነ

በኢትዮጵያ የመጀመሪያው የቫይረሱ ታማሚ መገኘቱ የተነገረው መጋቢት 4 ቀን 2012 ዓ.ም. ነበር። ከሦስት ቀናት በኋላ ትምህርት ቤቶች ለሁለት ሳምንት ያህል እንዲዘጉ ተወሰነ። ልጆች እንደ ድንገተኛ የዕረፍት ጊዜ ቆጥረውት ደብተራቸውን በክፍሉ ዴስክ ውስጥ የተዉም አይጠፉም። ትምህርት ደረጃ በደረጃ መከፈት የጀመረው ግን በጥቅምት 2013 ዓ.ም. ነው። ከ26 ሚሊዮን በላይ ተማሪዎች ለሰባት ወራትና ከዚያ በላይ ቤት ዋሉ።

ኬንያም በተመሳሳይ ቀን የመጀመሪያውን ታማሚ አስታውቃ በዚያው ሳምንት ትምህርት ቤቶቿን ዘጋች። በጁላይ 2020 የትምህርት ሚኒስትሩ ጆርጅ ማጎሃ የዓመቱ ትምህርት እንዳልነበረ እንደሚቆጠር አስታወቁ፤ አብዛኞቹ ተማሪዎች የተመለሱት በጃንዋሪ 2021 መጀመሪያ ነው። ደቡብ ሱዳን ሁሉንም ክፍሎች እስክትከፍት ሜይ 2021 ደርሷል። ታንዛኒያ በአንጻሩ በሦስት ወር ከግማሽ ገደማ ከፈተች። ብሩንዲ ደግሞ ጭራሹን ካልዘጉት ጥቂት የዓለም ሀገራት አንዷ ነበረች። በአንድ ቀጠና፣ ድንበር ተጋርተው የሚኖሩ ልጆች ዕጣ ይህን ያህል ተለያየ።

የመጀመሪያውን ውሳኔ ዛሬ ላይ ቆሞ መኮነን ቀላል ነው፤ ፍትሐዊ ግን አይደለም። በዚያ መጋቢት ስለ ቫይረሱ የሚታወቀው ጥቂት ነበር። ኢንፍሉዌንዛ በልጆች በኩል ወደ ቤት እንደሚገባ ስለሚታወቅ ይህኛውም እንደዚያ ይሆናል ተብሎ ተሰግቷል። በአንድ ክፍል ስድሳና ሰባ ተማሪ በሚታጨቅበት፣ ልጅ ከአያቱ ጋር በአንድ መደብ በሚተኛበት አካባቢ ስጋቱ መሠረት አልባ አልነበረም። ጥያቄ የሚያስነሳው ከዚያ በኋላ የመጣው ነው። ገበያው ተከፈተ፣ አውቶቡሱ መጫን ጀመረ፣ ቤተ እምነቶች በራቸውን ከፈቱ፤ በኡጋንዳ በጃንዋሪ 2021 ብሔራዊ ምርጫ ጭምር ተካሄደ። ትምህርት ቤት ግን ከመጨረሻዎቹ ተርታ ቀረ። ነጋዴ ሱቁ ሲዘጋበት ይጮኻል፣ ግብር መክፈልም ያቆማል። የስምንት ዓመት ልጅ ግን ግብር ከፋይም መራጭም አይደለም፤ ቢጮኽም ድምፁ ከግቢው አጥር አያልፍም።

ትምህርት ቤት ከትምህርት ሌላ ምን ይሰጥ ነበር?

ስለ ትምህርት ቤት መዘጋት ሲነሳ ብዙ ጊዜ የሚነገረው ስለባከነው ትምህርት ነው። ለድሃ ቤተሰብ ግን ትምህርት ቤት ፊደል ከማስቆጠር ያለፈ ሥራ ይሠራል፤ ይህ ግልጽ የሆነው ደግሞ ሲጠፋ ነው።

አንደኛው ነገር ምግብ ነው። የዓለም የምግብ ፕሮግራም እንዳስታወቀው በ2020 መጀመሪያ ላይ በትምህርት ቤቶች መዘጋት ምክንያት 370 ሚሊዮን የሚሆኑ የዓለም ልጆች በትምህርት ቤት ያገኙት የነበረው ምግብ ተቋርጦባቸዋል። በአዲስ አበባ የመንግሥት ትምህርት ቤቶች ቁርስና ምሳ የሚቀርብበት ሰፊ የምገባ መርሐ ግብር ከተጀመረ ገና ብዙ አልቆየም ነበር። በኬንያ ሰሜናዊ ደረቅ አውራጃዎች፣ በኢትዮጵያ ድርቅ በሚደጋገምባቸው ቆላማ አካባቢዎችና በደቡብ ሱዳን፣ አንድ ልጅ በቀን ውስጥ በእርግጠኝነት የሚያገኘው ትኩስ ምግብ ከትምህርት ቤቱ ድስት የሚቀዳው ሊሆን ይችላል። ያ ድስት ከምድጃው ሲወርድ ልጁ የሚበላው ከእናቱ መሶብ ሆነ። በዚያው ሳምንት ደግሞ የእናቱ ገቢ ነጥፏል። ጉልት የምትቸረችር፣ ልብስ አጥባ የምታድር፣ በሰው ቤት ጋግራ የምትመለስ ሴት ደንበኛዋ በራፉን ዘግቶ ሲቀመጥ ምን ታመጣለች? ቤተሰቡ ያጣው የአንድ ሰው ደመወዝ ብቻ አልነበረም፤ ገቢው ሲቀንስ የሚመገበው አፍ በዛ።

ሁለተኛው ጊዜ ነው። ትምህርት ቤት ለቤተሰብ ሰዓት ነበር። ልጅ መቼ እንደሚነሳ፣ መቼ እንደሚታጠብ፣ መቼ እንደሚተኛ የሚወሰነው በደወሉ ነው። እናትም ከጠዋቱ ሁለት ሰዓት እስከ ዘጠኝ ሰዓት ድረስ ልጇ የት እንዳለ ታውቃለች፤ በዚያ ጊዜ ሠርታ ትገባለች። ሞግዚት መቅጠር ለማይችል ቤተሰብ ትምህርት ቤት ነጻ የልጅ ማቆያ ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም። ሲዘጋ ሥራው ለሌላ ሰው ተሰጠ፤ ያ ሌላ ሰው ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ የቤቱ ትልቋ ሴት ልጅ ነበረች። የአሥራ ሦስት ዓመት ልጅ ታናናሾቿን እያዘለች፣ ውኃ እየቀዳች፣ ሽሮ እየሠራች ስትውል፣ የአሥራ ሦስት ዓመት ወንድሟ ኳስ ሜዳ መዋል ይችል ነበር። ትምህርት በሬዲዮ በሚተላለፍበት ሰዓት እርሷ ምድጃ ሥር ናት።

ሦስተኛው፣ ምናልባትም ከሁሉ የከበደው፣ የሚያይ ዓይን ነው። መምህር የልጁን ክንድ ሰንበር ያያል። በሰንበር ፋንታ ጸጥታም ያያል፦ ትናንት ሲስቅ የነበረ ልጅ ዛሬ አንገቱን ከደፋ “ምን ሆነህ ነው?” የሚለው ሰው አለ። በኢትዮጵያ ገጠር ልጃገረዶች ሊዳሩ መሆኑን የሚናገሩት ለርእሰ መምህሩ ወይም በትምህርት ቤቱ ለሚገኘው የሴት ተማሪዎች ክበብ ነው፤ ከዚያ ጉዳዩ ወደ ቀበሌ፣ ወደ ሴቶችና ሕጻናት ጉዳይ ቢሮ፣ ወደ ፖሊስ ይሄዳል። ትምህርት ቤቱ ሲዘጋ ይህ ሰንሰለት ከመነሻው ተበጠሰ።

ሬዲዮው ለማን ተናገረ?

መንግሥታት እጃቸውን አጣጥፈው አልተቀመጡም። ኬንያ ትምህርቱን በብሔራዊ ሬዲዮና በትምህርት ቴሌቪዥን አስተላለፈች፤ ኢትዮጵያም እንዲሁ። በአዲስ አበባ በርካታ የግል ትምህርት ቤቶች መልመጃውን በቴሌግራም ለወላጆች ይልኩ ነበር። ወላጁ ማምሻውን ከሥራ ሲመለስ ልጁ ስልኩን ይረከባል፤ ዳታው እስኪያልቅ ድረስ ትምህርት አለ ማለት ነው።

የተባበሩት መንግሥታት የሕጻናት መርጃ ድርጅት (ዩኒሴፍ) በኦገስት 2020 ባወጣው ሪፖርት በምሥራቅና ደቡባዊ አፍሪካ 67 ሚሊዮን ተማሪዎች፣ ከጠቅላላው 49 በመቶ የሚሆኑት፣ በሬዲዮም በቴሌቪዥንም በኢንተርኔትም የሚሰጥ ትምህርትን ማግኘት የሚያስችል ነገር እንዳልነበራቸው ገምቷል። የቀሩትም ሁሉ ተምረዋል ማለት አይደለም፤ ሬዲዮ ቤት ውስጥ መኖሩና ልጁ አጠገቡ ተቀምጦ መከታተሉ የተለያዩ ነገሮች ናቸው። ባትሪ መግዛት የአባት ውሳኔ ነው። የማስተማሪያው ቋንቋ ልጁ በቤቱ የሚናገረው ካልሆነ ደግሞ የሬዲዮው መምህር ቆም ብሎ አይደግምለትም።

እዚህ ላይ የወላጆች ኀፍረት አብሮ ሊነሳ ይገባል። ማንበብና መጻፍ የማይችሉ እናትና አባት ልጃቸው ደብተሩን ይዞ ሲቀርብ የሚሰጡት መልስ የላቸውም። ከወረርሽኙ በፊት ይህ ክፍተት በመምህሩ ተሸፍኖ ይኖር ነበር። በአንድ ከተማ ውስጥ፣ በአንድ አጥር ተለያይተው፣ አንዱ ልጅ በላፕቶፕ ከመምህሩ ጋር ሲነጋገር ሌላው ሊስትሮ ሳጥን ተሸክሞ ወጣ። ትምህርት ቤት ሲከፈት ሁለቱ በአንድ አገር አቀፍ ፈተና ይለካሉ።

“አመል አወጣ” የተባለው ልጅ

የልጆች የአእምሮ ጤና በእኛ አካባቢ በስሙ አይጠራም። ልጅ ሲጨነቅ “ፈዘዘ”፣ ሲያዝን “አኮረፈ”፣ ሲፈራና ሲቆጣ ደግሞ “አመል አወጣ” ይባላል። አልጋ ማርጠብ የጀመረ የሰባት ዓመት ልጅ ይገረፋል እንጂ ምን እንዳስፈራው አይጠየቅም። በዚህ ምክንያት በእነዚያ ወራት በብዙ ቤት የታየው የልጆች ጠባይ መለወጥ እንደ ብልግና ተቆጥሮ አልፏል። ቢጠየቅም ወዴት ይወሰዳል? በቀጠናው ለልጆች የሠለጠነ የአእምሮ ሐኪም ማግኘት በዋና ከተሞችም ቢሆን አስቸጋሪ ነው።

ሆኖም በኢትዮጵያ ይህን በቁጥር ለማየት የሞከረ ጥናት አለ። የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲና የብሪታኒያው ካምብሪጅ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ከ2,000 በላይ የአንደኛ ደረጃ ተማሪዎችን ከወረርሽኙ በፊት በ2019፣ ከዚያም ትምህርት ከተከፈተ በኋላ በ2021 ጠይቀዋል። ጥያቄዎቹ ቀላል ነበሩ፦ ጓደኛ መያዝ አይከብደኝም፣ ከሌሎች ጋር ስነጋገር በራሴ እተማመናለሁ የሚሉና እነዚህን የመሳሰሉ ዐረፍተ ነገሮች ቀርበውላቸው ይስማሙ እንደሆነ ተጠየቁ። በሁለተኛው ዙር ልጆቹ ስለራሳቸው የሰጡት መልስ ከመጀመሪያው ያነሰ ሆኖ ተገኘ፤ የማኅበራዊ ክህሎታቸው ወደኋላ ተመልሷል። ከዚህም በላይ፣ ማኅበራዊ ክህሎት ከሒሳብ ውጤት ጋር የተያያዘ ሆኖ ተገኝቷል። ጓደኛ መያዝ የፈራ ልጅ በክፍል ውስጥ እጁን ማውጣትም ይፈራል፤ ያልገባውን አይጠይቅም።

ይህ ለወላጆች እንግዳ ሊመስል ይችላል። የሰፈር ልጆች እኮ አብረው ሲጫወቱ ነው የዋሉት፤ በገጠር ደግሞ ማን ልጁን በር ዘግቶ አስቀምጦ ያውቃል? እውነት ነው፤ ምሥራቅ አፍሪካ ውስጥ የልጆች ብቸኝነት በአውሮፓ አፓርታማዎች እንደታየው ዓይነት አልነበረም። ትምህርት ቤት ግን ልጅ ዘመዱም ጎረቤቱም ካልሆነ እኩያው ጋር መግባባትን የሚለማመድበት ስፍራ ነው። እረኛ የዋለ ልጅ ከብቶቹንና ወንድሙን ነው የሚያነጋግረው።

በልጃገረዶች ላይ የደረሰው፣ እና ቁጥሩን ስለማመን

በጁን 2020 የኬንያ መገናኛ ብዙኃን በማቻኮስ ካውንቲ በአምስት ወራት ውስጥ ወደ 4,000 የሚጠጉ ታዳጊዎች ማርገዛቸውን ዘገቡ። ዜናው ሀገሪቱን አስደነገጠ፤ ጣት መጠቋቆም ተጀመረ። ቁጥሩ ግን ከጃንዋሪ እስከ ሜይ በጤና ተቋማት የተመዘገበ ሲሆን ትምህርት ቤቶች የተዘጉት በማርች አጋማሽ ነው። ከተመዘገቡት ብዙዎቹ ያረገዙት ትምህርት ቤት ክፍት ሳለ እንደሆነ ለመረዳት ጣት ቆጥሮ ማስላት ይበቃል። ይህን ያስተዋሉ ሰዎች ታሪኩ ሁሉ የተጋነነ ነው ወደሚል ሌላ ጠርዝ ሄዱ።

እርሱም ልክ አልነበረም። በምዕራብ ኬንያ በሲያያ ካውንቲ ከ900 በላይ የሁለተኛ ደረጃ ልጃገረዶችን የተከታተለና በ2022 የታተመ ጥናት፣ ወረርሽኙ በትምህርታቸው መጨረሻ ላይ የደረሰባቸውን ከዚያ በፊት ካጠናቀቁት ጋር አነጻጽሯል። ወረርሽኙ የደረሰባቸው ትምህርታቸውን ሳይጨርሱ የማርገዝ ዕድላቸው በእጥፍ፣ ትምህርት የማቋረጥ ዕድላቸው ደግሞ በሦስት እጥፍ የበለጠ ሆኖ ተገኝቷል። የጋዜጣው ርእስ የተሳሳተ ቢሆንም የልጃገረዶቹ አደጋ እውነተኛ ነበር።

እርግዝናው ሁልጊዜ በጉልበት የመጣ አይደለም፤ ሁልጊዜ በፈቃድ የመጣም አይደለም። በመካከል ሰፊ ግራጫ ቦታ አለ። የንጽሕና መጠበቂያ ሞዴስ መግዣ የሌላት ልጅ፣ የምግብ ወጪ የሚሸፍንላት የሞተር ሳይክል ታክሲ ነጂ፣ “ምንም አይደለም” የሚል ዘመድ። ትምህርት ቤት ክፍት ቢሆን ሞዴሱን ከትምህርት ቤቱ ልታገኝ፣ ቀኑን ሙሉም በሰው ዓይን ሥር ልትውል ትችል ነበር።

ያለዕድሜ ጋብቻም በተመሳሳይ መንገድ ተስፋፋ። ዩኒሴፍ በማርች 2021 እንዳስጠነቀቀው ወረርሽኙ ባስከተለው ቀውስ ምክንያት እስከ 2030 ድረስ በዓለም ዙሪያ ተጨማሪ 10 ሚሊዮን ልጃገረዶች ያለዕድሜያቸው ሊዳሩ ይችላሉ። የአባት ስሌት ጨካኝ መስሎ ቢታይም ከውስጥ ሲታይ ግልጽ ነው፦ ጥሎሽ ይገባል፣ አንድ አፍ ከማዕዱ ይቀንሳል፣ ልጅቱም “ሳትበላሽ” ትዳር ትይዛለች። ትምህርት እስካለ ድረስ “ትማር” የሚል መከራከሪያ ነበር፤ ትምህርት ሲዘጋ መከራከሪያው ከእናትየው እጅ ወጣ። በሶማሊያ ደግሞ የእርዳታ ድርጅቶች በሜይ 2020 እንዳስታወቁት፣ የሴት ልጅ ግርዛት የሚፈጽሙ ሴቶች ልጆቹ ቤት መዋላቸውን ተጠቅመው ከቤት ወደ ቤት እየዞሩ አገልግሎታቸውን አቀረቡ። ቁስሉ የሚድንበት ጊዜ ስላለ ለወላጆቹም አመቺ መሰላቸው።

በእናት ደመወዝና በአያት ቤት መካከል

በኢትዮጵያ፣ በኬንያና በኡጋንዳ እናታቸው በዓረብ ሀገር ቤት ሠራተኛ ሆና በምትልከው ገንዘብ በአያት ወይም በአክስት ቤት የሚያድጉ ልጆች ብዙ ናቸው። ለእነርሱ ወረርሽኙ የደረሰው በስልክ ነው። በጁን 2020 በኢኮኖሚ ቀውስ ላይ በነበረችው ሊባኖስ አሠሪዎች ኢትዮጵያውያን የቤት ሠራተኞችን ሻንጣቸውን አሸክመው ቤይሩት በሚገኘው የኢትዮጵያ ቆንስላ ደጃፍ ጥለዋቸው ሲሄዱ ዓለም በምስል ተመልክቷል። አስፋልት ላይ ካደሩት ሴቶች ብዙዎቹ ደመወዛቸው ለወራት አልተከፈለም። ያ ያልተከፈለ ደመወዝ ደሴ ወይም ጅማ ውስጥ የአንድ ልጅ የትምህርት ቤት ክፍያ፣ የአያቱ መድኃኒት መግዣ ሊሆን ይችላል።

በቤት ውስጥ ስለነበረው ጠብ መናገር ደስ አያሰኝም፤ መዝለል ግን አይቻልም። የኬንያው ፕሬዚዳንት የነበሩት ኡሁሩ ኬንያታ በጁላይ 2020 በሴቶችና በልጃገረዶች ላይ የሚፈጸመው ጥቃት መባባሱን ጠቅሰው የሀገሪቱ የወንጀል ምርምር ማዕከል ጉዳዩን እንዲመረምር አዘዙ። ሥራ የፈታ አባት፣ አንድ ክፍል ቤት፣ ሰዓት እላፊ፣ የቤት ኪራይ ዕዳ። ልጆች የሚደበደቡት ወይም እናታቸው ስትደበደብ የሚያዩት በዚህ ውስጥ ነው። እንዲያም ሆኖ ሌላ ገጽም ነበረው። ልጆቹ ተኝተው የሚወጣና ተኝተው የሚመለስ አባት ለመጀመሪያ ጊዜ ከእነርሱ ጋር ምሳ የበላበት፣ አያት ተረቷን ሳይቸኩሉ የሰሙላት ቤትም ነበር። ልዩነቱን የፈጠረው ብዙ ጊዜ የሰዎቹ ደግነት ሳይሆን ቤት ውስጥ የሚበላ ነገር መኖሩ ነው።

ከዚያም ሞት አለ። በዓለም ዙሪያ እስከ ሜይ 2022 ድረስ 10.5 ሚሊዮን የሚሆኑ ልጆች በወረርሽኙ ምክንያት ወላጃቸውን ወይም አሳዳጊያቸውን እንዳጡ ተመራማሪዎች ገምተዋል። በእኛ ባህል ሐዘን ብቻውን የሚሸከሙት ነገር አይደለም፤ ድንኳን ይተከላል፣ እድር ይመጣል፣ ጎረቤት ንፍሮ ይዞ ይገባል፣ ልጅም የሰውን ብዛት አይቶ ሟቹ የተወደደ እንደነበር ይረዳል። በኢትዮጵያ በ2012 ዓ.ም. በታወጀው የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ከአራት ሰው በላይ መሰብሰብ ተከልክሎ ነበር። አያቱ ያሳደገችው ልጅ በዚያ ወቅት አያቱ ብትሞትበት፣ ሐዘኑን ሳያለቅስ፣ ለቅሶውን ሳያይ ቀረ። አያት በወረቀት ላይ “ወላጅ” ስላልሆነች እንዲህ ያለውን ልጅ ወላጅ አልባ ብሎ የሚመዘግበው የለም።

መመለስ እንዴት ነበር?

ወንዶቹን መመለስ ከባድ የሆነው ገንዘብ ስላዩ ነው። ሂዩማን ራይትስ ዋች በሜይ 2021 ባወጣው ሪፖርት ኡጋንዳን ጨምሮ በሦስት ሀገራት ልጆች በወረርሽኙ ምክንያት ወደ ጉልበት ሥራ እንዴት እንደገቡ ዘርዝሯል። የዓለም የሥራ ድርጅትና ዩኒሴፍ እንደሚሉት በ2020 መጀመሪያ፣ ገና ከወረርሽኙ በፊት፣ በሕጻናት የጉልበት ሥራ ላይ የተሰማሩት 160 ሚሊዮን ነበሩ። ለወራት ቤተሰቡን ያበላ የአሥራ አራት ዓመት ልጅ ዳግም የደንብ ልብስ ለብሶ “መምህር፣ ልውጣ?” ብሎ እጁን እንዲያወጣ መጠየቅ ቀላል አይደለም። ትልቅ ሰው ሆኗል፤ ቢያንስ እንደዚያ ተነግሮታል።

የሚመለሱበት ትምህርት ቤትም ሁልጊዜ አልጠበቃቸውም። በኬንያ የተማሪ ክፍያ የተቋረጠባቸው አንዳንድ የግል ትምህርት ቤቶች ክፍሎቻቸውን ወደ ዶሮ ማርቢያነት ቀይረው ነበር። በኡጋንዳም በዝቅተኛ ክፍያ የድሃ ልጆችን የሚያስተምሩ የግል ትምህርት ቤቶች ተዘግተዋል፤ መምህራኑ ቦዳ ቦዳ መንዳትና መነገድ ጀምረው ብዙዎቹ በዚያው ቀሩ።

ኬንያ የባከነውን ጊዜ ለማካካስ የትምህርት ዘመኑን አሳጠረች፤ የዕረፍት ቀናት ተቀነሱ፣ ትምህርቱ ተጨናነቀ። የሥርዓተ ትምህርቱ መጽሐፍ ደረሰ፤ ልጁ ግን ሁልጊዜ አልደረሰም። ኡጋንዳ በበኩሏ አንድ ጠቃሚ ነገር አድርጋለች፦ ነፍሰ ጡር የሆኑና የወለዱ ልጃገረዶች እንዲመለሱ የሚፈቅድ መመሪያ አወጣች። ታንዛኒያም እንዲህ ያሉ ተማሪዎችን ለዓመታት ከመንግሥት ትምህርት ቤት ያገደውን አሠራር በኖቬምበር 2021 አነሳች። ሕጉ በሩን ይክፈት እንጂ ሕጻኑን ማን ይይዝ የሚለው ጥያቄ አሁንም ከልጅቱና ከእናቷ ጋር ነው።

በትግራይ ደግሞ ጉዳዩ ሌላ መልክ ያዘ። በመጋቢት 2012 ዓ.ም. በወረርሽኙ ምክንያት የተዘጉት ትምህርት ቤቶች ከመከፈታቸው በፊት ጦርነቱ ደረሰ። ሕንጻዎቹ ፈረሱ፣ ተፈናቃይ ሰፈረባቸው። አብዛኞቹ ልጆች ወደ ክፍል የተመለሱት በ2015 ዓ.ም. ነው። ከሦስት ዓመት በላይ ማለት ነው፤ የኡጋንዳው 83 ሳምንት ከዚህ አጠር ያለ ነው፤ በዓለም አቀፍ የወረርሽኝ መዝገብ ላይ ግን የትግራይ ልጆች ለብቻቸው አይታዩም።

በቀጣዩ ጊዜ

ይህ ሁሉ ያለፈ ታሪክ ነው ብሎ የሚያልፍ ሰው ቀጠናውን አያውቅም። በሴፕቴምበር 2022፣ ትምህርት ቤቶች ከተከፈቱ ዘጠኝ ወር እንኳ ሳይሞላ፣ ኡጋንዳ ውስጥ ኢቦላ ተነሳ። ልጆችም ታመሙ። መንግሥት ዳግም በሩን ለወራት ከመዝጋት ይልቅ የትምህርት ወቅቱ ከታቀደው ሁለት ሳምንት ቀድሞ፣ በኖቬምበር መጨረሻ፣ እንዲያበቃ አደረገ። ሁለት ሳምንት የተባለው በዚህ ጊዜ ሁለት ሳምንት ሆኖ ቀረ።

ሩዋንዳ በኮሮና ወቅት ትምህርት ቤቶቿ ተዘግተው በነበረበት ጊዜ መጨናነቅን ለመቀነስ ከ22 ሺህ በላይ ተጨማሪ የመማሪያ ክፍሎችን የመገንባት ሰፊ ዘመቻ ጀምራ ነበር። በሴፕቴምበር 2024 ከኢቦላ የማይተናነስ ገዳይ የሆነው የማርበርግ ቫይረስ በሀገሪቱ ተገኘ፤ በመጀመሪያ የተጎዱትም በአብዛኛው የጤና ባለሙያዎች ነበሩ። በአዳሪ ትምህርት ቤቶች ወላጆች ልጆቻቸውን መጎብኘታቸው ለጊዜው ታገደ፤ ትምህርቱ ግን ቀጠለ። ወረርሽኙ ማብቃቱ ዲሴምበር 20 ቀን 2024 ሲታወጅ ልጆቹ ያጡት የተማሪ ጉብኝት ቀን እንጂ የትምህርት ዓመት አልነበረም።